«ትንሽ ኢንፌክሽን አለሽ» ሲባል ምን ማለት ነው? ስለ ሴቶች የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ማብራሪያ

ለራስ ምታት፣ ለወገብ ሕመም ወይም ለድካም ብላ ወደ ክሊኒክ ጎራ ያለች ሴት ደምና ሽንት ሰጥታ ውጤቷን ስትቀበል «ትንሽ ኢንፌክሽን አለሽ» መባሏ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ማዘዣ ይጻፋል፣ መድኃኒቱ ይገዛል፣ ሕመሙ ቀለል ሲል ደግሞ ቀሪው ኪኒን መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ንግግርና ያው ማዘዣ ይደገማል። ኢንፌክሽኑ ያለው የትኛው የሰውነት ክፍል ላይ እንደሆነ፣ «ትንሽ» የተባለው በምን ተለክቶ እንደሆነ፣ ለመጣችበት ሕመምስ ምክንያቱ በእርግጥ እርሱ ስለመሆኑ ብዙ ጊዜ አይነገራትም፤ እርሷም በሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው እያለ ስለ ሽንቷ ዘርዝራ መጠየቅ ታፍራለች።

«ኢንፌክሽን» የሚባለው የት ያለው ነው?

በከተማ አማርኛ «ኢንፌክሽን አለብኝ» የምትል ሴት ከሦስት የተለያዩ ነገሮች አንዱን እየተናገረች ሊሆን ይችላል። አንደኛው የሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን ነው፤ ሁለተኛው ከፊኛ አልፎ ኩላሊት የደረሰው ነው፤ ሦስተኛው ከሽንት መስመር ውጭ የሆነ፣ ሽታ ወይም ማሳከክ ያለው ፈሳሽ የሚያስከትል የብልት ኢንፌክሽን ነው። ሦስቱ በአንድ ስም ስለሚጠሩ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ሲወሰድ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እዚህ የሚብራሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው።

የሽንት መስመርን አሠራር ለመረዳት የአንድ ግቢ የውኃ መስመርን ማሰብ ይቻላል። ሁለቱ ኩላሊቶች ደምን እያጣሩ ሽንት ያመነጫሉ፤ ሽንቱ በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወርዶ እንደ ሮቶ በሚያገለግለው ፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ፊኛው ሲሞላ ደግሞ በሽንት ቧንቧ በኩል ወደ ውጭ ይፈሳል። ኢንፌክሽኑ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጀርሙ በቧንቧው አፍ ገብቶ ሽቅብ ወደ ሮቶው ይወጣል። እዚያው ከቀረ ሕመሙ ቢያሰቃይም አደጋው ዝቅተኛ ነው፤ ወደ ማጣሪያዎቹ ከወጣ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ጀርሙስ ከየት ይመጣል?

ከአራት ሕመምተኞች ቢያንስ በሦስቱ ላይ ጥፋተኛው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1885 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከሕፃናት ዓይነ ምድር ለይቶ ከገለጸው ከጀርመናዊው የሕፃናት ሐኪም ከቴዎዶር ኤሸሪክ ነው። ይህ ባክቴሪያ በማንኛውም ጤናማ ሰው አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ እዚያ እስካለ ድረስም አብዛኞቹ ዝርያዎቹ ጉዳት የላቸውም። ችግር የሚመጣው ከፊንጢጣ አካባቢ ተነሥቶ በጣም ቅርብ ወደሆነው ወደ ሽንት ቧንቧ አፍ ሲሻገር ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው እንደሚፈራው ከሕዝብ መጸዳጃ ቤት መቀመጫ አይደለም የሚመጣው፤ ሴትዮዋ ራሷ ይዛው የምትዞረው ጀርም ነው።

ሽንት በሸናን ቁጥር ጎርፉ ጀርሙን ጠርጎ መውሰድ ነበረበት፤ በአብዛኛውም ይወስደዋል። ነገር ግን በሽንት መስመር ለመኖር የሠለጠኑት የኢ. ኮላይ ዝርያዎች በገላቸው ላይ ጥቃቅን ፀጉሮች አሏቸው፤ የፀጉሮቹም ጫፍ በፊኛው ግድግዳ ላይ ካለ የስኳር ዓይነት ጋር ይጣበቃል። ሜዳ አቋርጦ የመጣ ሰው ልብሱ ጫፍ ላይ የሚያገኘው ጭጎጎት በማራገፍ ብቻ እንደማይለቅ ሁሉ፣ እነዚህም በጎርፉ ብቻ አይለቁም። ፊኛው በበኩሉ ዝም አይልም፤ ጀርም የተጣበቀባቸውን የግድግዳውን ሕዋሳት አራግፎ ከሽንት ጋር ይጥላቸዋል። በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ከባክቴሪያዎቹ አንዳንዶቹ ወደ ሕዋሳቱ ውስጥ ሰርገው በመግባት ይደበቃሉ። ሕመሙ ዳነ ከተባለ በኋላ ተመልሶ ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ሳይሆን እንደማይቀር ይታመናል።

ሴቶችን ለይቶ የሚያጠቃው ለምንድን ነው?

ዋናው ምክንያት ርቀት ነው። የወንድ የሽንት ቧንቧ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲረዝም የሴት ግን 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አፉም ለፊንጢጣ ቅርብ ነው። ከሴቶች ግማሽ ያህሉ በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ በዚህ ሕመም የሚያዙት፣ ከእነዚህም ከአራት ሴቶች አንዷን ያህል በስድስት ወር ውስጥ ተመልሶ የሚይዛት በዚህ የሰውነት አሠራር ምክንያት ነው። ስለዚህ የንጽሕና ጉድለት ምልክት አድርጎ ማየት ስህተት ነው፤ እንዲያውም ብልትን በሳሙናና በልዩ ልዩ መታጠቢያ ወደ ውስጥ መታጠብ ጠባቂ የሆኑትን ባክቴሪያዎች ስለሚያጠፋ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ሁለተኛው ምክንያት የግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። በግንኙነት ወቅት የሚፈጠረው እንቅስቃሴ በአካባቢው ያለውን ጀርም ወደ ቧንቧው ይገፋዋል፤ በዚህም የተነሣ ብዙ ሴቶች ሕመሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቁት በጫጉላቸው ሰሞን ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በዚህ ሰበብ ትዳር ውስጥ ጥርጣሬ ሲገባ ይታያል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንደ ጨብጥ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ የአባላዘር በሽታ አይደለም። ጀርሙ የራሷ የሴትዮዋ ነው፤ ግንኙነቱ የሚያደርገው ቦታውን ማስቀየር ብቻ ነው፤ ባልም አብሮ መታከም አያስፈልገውም።

ሦስተኛው በማረጥ ጊዜ የሚመጣ ነው። የወር አበባ ከመቋረጡ በፊት ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በብልት ውስጥ ላክቶባሲለስ የሚባሉትን፣ እርጎ ከሚያረጉት ጋር ዘመድ የሆኑትን ባክቴሪያዎች ይመግባል፤ እነርሱም አካባቢውን አሲዳማ አድርገው ኢ. ኮላይ እንዳይሰፍርበት ይጠብቃሉ። ሆርሞኑ ሲቀንስ ጠባቂዎቹ ይሳሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 እስራኤል ውስጥ ተሠርቶ በታተመ ጥናት ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸው 93 ያረጡ ሴቶች ተሳትፈው ነበር፤ በብልት የሚቀባ የኤስትሮጅን ክሬም የተጠቀሙት በዓመት በአማካይ 0.5 ጊዜ፣ ማለትም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ሲታመሙ፣ ሆርሞን የሌለበት ክሬም የተሰጣቸው ወደ ስድስት ጊዜ ተጠግተዋል። ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጣ ሕክምና እያለ በእናቶቻችን ዕድሜ ካሉ ሴቶች ስሙን የሰሙት ጥቂት መሆናቸው ያሳዝናል።

ብርድ አይደለም እንዴ የሚያመጣው?

«ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ብርድ መታኝ» የሚለው አባባል ከትውልድ ትውልድ የዘለቀ ቢሆንም ብርድ ጀርም አይፈጥርም። አባባሉ የተመሠረተበት እውነት ግን አለ። ሰውነት ሲቀዘቅዝ የቆዳ የደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ ደሙ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ኩላሊትም ብዙ ሽንት ያመነጫል፤ ስለዚህ በብርድ ጊዜ ሽንት ሽንት ማለት የሚጠበቅ ነው። ልዩነቱ፣ የብርዱ ሽንት ብዙና የማያቃጥል ሲሆን የኢንፌክሽኑ ጥቂት፣ የሚያጣድፍና የሚያቃጥል መሆኑ ነው። ብዙ ሽንት ከብዙ ውኃ ጥም ጋር ለሳምንታት ሲቀጥል ደግሞ ከብርድም ከኢንፌክሽንም በፊት ስኳር መመርመር አለበት።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

የፊኛ ኢንፌክሽን ሲሸኑ ያቃጥላል፤ ከሸኑም በኋላ ወዲያው መልሶ ያጣድፋል፤ ከእምብርት በታች ይከብዳል፤ ሽንቱ ሊደፈርስ ወይም ደም ሊቀላቅል ይችላል። ማቃጠሉና ማጣደፉ አብረው ካሉ፣ ያልተለመደ ፈሳሽ ወይም ማሳከክ ከሌለ፣ ሕመሙ ይኸው የመሆን ዕድሉ ከአሥር ዘጠኝ በላይ ነው። ፈሳሽ ካለ ግን ሐሳቡ ወደ ብልት ኢንፌክሽን ወይም ወደ አባላዘር በሽታ መዞር አለበት። ሽንቱ ደማቅ ቢጫ መሆኑ ብቻውን ብዙውን ጊዜ ውኃ በበቂ አለመጠጣትን እንጂ ኢንፌክሽንን አያመለክትም።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ፣ ከጎድን በታች በጀርባ በኩል በአንድ ጎን የሚሰማ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ከታዩ ጀርሙ ኩላሊት ደርሷል ተብሎ ስለሚገመት በዕለቱ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ከኩላሊት ወደ ደም ከገባ ለሕይወት ያሰጋል።

የላብራቶሪው ወረቀት ምን እያለ ነው?

አንዲት ሴት ከክሊኒክ ይዛ የወጣችውን ወረቀት እንመልከት። በእስክሪብቶ የተሞላ ነው፤ «ሉኮሳይት» በሚለው ፊት አንድ የመደመር ምልክት፣ «ናይትራይት» በሚለው ፊት «ኔጌቲቭ»፣ ከታች «ፐስ ሴል 5-8»፣ «ኤፒተልያል ሴል ሜኒ» (ብዙ)፣ «ባክቴሪያ ፊው» (ጥቂት) ይላል። «ትንሽ ኢንፌክሽን» የተባለው ይህ ነው።

ሉኮሳይትና ፐስ ሴል ሁለቱም ነጭ የደም ሕዋሳትን፣ ማለትም የሰውነትን ወታደሮች የሚመለከቱ ናቸው። ወታደር መኖሩ ጠላት በዚያ ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማል እንጂ አያረጋግጥም፤ ከብልት ፈሳሽም ተቀላቅሎ ሊመጣ ይችላል። ናይትራይት የበለጠ ተጨባጭ ነው፤ ኢ. ኮላይን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች በሽንት ውስጥ ያለን ናይትሬት የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ናይትራይት ስለሚቀይሩት ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ የባክቴሪያ መኖር በእጅጉ ይታመናል። ነገር ግን ለውጡ አራት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ በየግማሽ ሰዓቱ እየተጣደፈች የምትሸና ሴት ሽንት ውስጥ ላይገኝ ይችላል። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሡ የሚሰጥ ሽንት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

በዚህ ወረቀት ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚናገረው ግን ማንም የማያነበው «ኤፒተልያል ሴል ሜኒ» የሚለው መስመር ነው። እነዚህ ከቆዳና ከብልት የረገፉ ሕዋሳት ናቸው፤ ብዙ ሲሆኑ ናሙናው በአወሳሰድ ጊዜ እንደተቀላቀለ፣ የታየው ባክቴሪያም ከውጭ የገባ ሊሆን እንደሚችል ይናገራሉ። የክሊኒክ መጸዳጃ ቤት ውኃ ሳይኖረው፣ ያለ ምንም ማብራሪያ ኩባያ ተሰጥቷት የገባች ሴት ሌላ ዓይነት ናሙና ይዛ ትወጣለች ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ትክክለኛው አወሳሰድ የመጀመሪያውን ሽንት ጥቂት አፍስሶ፣ ሳያቋርጡ የመሐሉን ብቻ በንጹሕ ኩባያ መቀበል ነው። ኩባያው ጠረጴዛ ላይ ለሰዓታት ከቆየ ደግሞ ጥቂት የነበረው ባክቴሪያ ይራባል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ መታየት ወይም ማቀዝቀዣ መግባት አለበት።

አስተማማኙ ምርመራ ካልቸር ነው። ሽንቱ የባክቴሪያ ምግብ በያዘ የላብራቶሪ ሳህን ላይ ተዘርቶ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይጠበቃል፤ የበቀለው ባክቴሪያ ይቆጠራል፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም ይፈተሻል። በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት 100,000 ባክቴሪያ የሚለውን ዝነኛ መለኪያ ያስተዋወቀው በ1950ዎቹ አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዋርድ ካስ ነው፤ ግልጽ ምልክት ባላት ሴት ላይ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ቁጥርም ትርጉም እንዳለው ከጊዜ በኋላ ታውቋል። ጤነኛ ወጣት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትታመም ካልቸር የግድ አይደለም። ሕመሙ ሲመላለስ፣ ኩላሊት ሲነካ፣ እርግዝና ሲኖር ወይም የተሰጠው መድኃኒት ሳይሠራ ሲቀር ግን ያለ ካልቸር መድኃኒት መቀያየር በጨለማ ድንጋይ እንደ መወርወር ነው።

ምልክት ሳይኖር ባክቴሪያ ቢገኝስ?

ሽንት ከጀርም ፍጹም የጸዳ ነው ተብሎ ይታሰብ የነበረው ቀርቷል፤ ብዙ ጤነኛ ሴቶች፣ በተለይም አረጋውያን፣ ምንም ሳይሰማቸው በሽንታቸው ባክቴሪያ ይገኛል። ይህን በመድኃኒት ማጽዳት ጥቅም እንደሌለው፣ የጀርሞችን መድኃኒት መላመድ ግን እንደሚያፋጥን ተደጋግሞ ታይቷል። ስለዚህ ለራስ ምታት ሄዳ «ትንሽ ኢንፌክሽን» የተባለች፣ የማያቃጥላትና የማያጣድፋት ሴት አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት አያስፈልጋትም። ሐኪሟን «ምልክት ሳይኖረኝ ለምን እታከማለሁ?» ብላ መጠየቅ ድፍረት አይሆንባትም።

ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን ነገሩ ይገለበጣል። በእርግዝና ወቅት ሆርሞኖች ከኩላሊት የሚወርዱትን ቱቦዎች ያላላሉ፣ እያደገ የሚሄደው ማህፀንም ይጫናቸዋል፤ ሽንቱ እንደ ቀድሞው ስለማይወርድ ፊኛ ውስጥ በዝምታ የተቀመጠው ባክቴሪያ በቀላሉ ወደ ኩላሊት ይወጣል፤ ያለ ጊዜው ምጥንም ሊያስከትል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ ምልክት ባይኖርም ለሰባት ቀን አንቲባዮቲክ እንዲሰጥ የመከረው ለዚህ ነው። ወደ ክትትል ስትሄድ ሽንት ስጪ የምትባለውም ለወግ አይደለም።

የትኛው መድኃኒት ነው የሚሰጠው?

ለቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን በመጀመሪያ ደረጃ የሚመረጡት ለአምስት ቀን የሚወሰደው ናይትሮፉራንቶይን፣ በአንድ ጊዜ የሚጠጣው ፎስፎማይሲንና በአካባቢው የመድኃኒት መላመድ ካልበዛ ለሦስት ቀን የሚወሰደው ኮትሪሞክሳዞል፣ በተለምዶ ባክትሪም የሚባለው ነው። ናይትሮፉራንቶይን በሽንት ውስጥ ስለሚጠራቀም ለፊኛ ተስማሚ ቢሆንም በኩላሊት ሥጋ ውስጥ በበቂ መጠን ስለማይገኝ ለኩላሊት ኢንፌክሽን አይሆንም። ኩላሊት ሲነካ ሌላ መድኃኒት፣ ረዘም ላለ ጊዜ፣ አንዳንዴም በመርፌ ይሰጣል። እርግዝና ደግሞ ምርጫውን ይለውጠዋል።

በየመድኃኒት ቤቱ ስሙ ተጠርቶ የሚገዛው ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ) በዚህ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2017 ጀምሮ አንቲባዮቲኮችን ለሦስት ሲመድብ ሲፕሮን በጥንቃቄ ከሚያዙት ውስጥ አስገብቶታል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2016 ጅማትንና ነርቭን ሊጎዳ ስለሚችል ሌላ አማራጭ እያለ ለቀላል የሽንት ኢንፌክሽን እንዳይታዘዝ አስጠንቅቋል። ነገር ግን «ባለፈው የረዳኝን ስጠኝ» የሚለው አጭር ንግግር ከመመሪያ ሁሉ ይፈጥናል።

መሳቢያ ውስጥ የቀረው ኪኒንም ችግሩን ያባብሳል። ጎረቤት ስትታመም ከዚያ ሁለት ይሰጣታል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ለማስታገሻ ያህል አንድ ቀን ይወሰዳል። ለመግደል በማይበቃ መጠን ከተነካካ ጀርም መካከል ደካማው ሞቶ ጠንካራው ይተርፋል፣ የሚራባውም እርሱ ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 ከአምስት የኢ. ኮላይ የሽንት ኢንፌክሽኖች አንዱ ለተለመዱት አንቲባዮቲኮች በደንብ አልተንበረከከም። በ2025 አሜሪካ ለዚሁ ሕመም ጌፖቲዳሲን የተባለ አዲስ ኪኒን ስታጸድቅ፣ ለሦስት አሥርተ ዓመታት ያህል በዚህ ረገድ አዲስ ዓይነት የሚዋጥ መድኃኒት ሳይገኝ ቆይቶ ነበር።

እየተመላለሰ ሲያስቸግር ምን ይደረጋል?

በስድስት ወር ሁለት ጊዜ ወይም በዓመት ሦስት ጊዜ ከተያዙ ሕመሙ ተመላላሽ ይባላል። በመጀመሪያ የሚመከረው ውኃ ነው። በ2018 የታተመ፣ ቡልጋሪያ ውስጥ ውኃ ጥቂት በሚጠጡ 140 ሴቶች ላይ የተካሄደ ጥናት በቀን ተጨማሪ አንድ ሊትር ተኩል የጠጡት በዓመት በአማካይ 1.7 ጊዜ ሲታመሙ ያልጨመሩት 3.2 ጊዜ እንደታመሙ አሳይቷል።

ምክሩን መስጠት ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ ወይም ጎንደር በአውቶቡስ የምትሄድ ሴት ግን ንጋት ላይ ሻይዋን ትታ ትሳፈራለች፤ ረዳቱ ውኃ ሲያድል ጠርሙሱን ተቀብላ ሳትከፍት ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። አውቶቡሱ ሜዳ ላይ ሲቆም ወንዶቹ ወርደው ጀርባቸውን ሰጥተው ሲመለሱ እርሷ ነጠላዋን ሰብስባ ተቀምጣ ትጠብቃለች። መንገድ ዳር የምትቸረችር ሴትና መጸዳጃ ቤቱ በር የሌለው ትምህርት ቤት የምትማር ልጅም በየቀኑ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አለመጠጣትና መያዝ ሁለቱም ጎርፉን ያዘገዩታል።

ከግንኙነት በኋላ መሽናትና ከፊት ወደ ኋላ መጥረግ የሚሉት ምክሮች በጥናት በጥብቅ የተረጋገጡ ባይሆኑም ጉዳት የላቸውም። ውጭ አገር ያሉ እኅቶች የሚጠቀሙበት የክራንቤሪ ጭማቂና ኪኒን ተመላላሽ ኢንፌክሽን ባላቸው ሴቶች ላይ ድግግሞሹን ሩብ ያህል እንደሚቀንስ በ2023 የተሰበሰበ የጥናቶች ግምገማ አሳይቷል፤ የጀመረን ሕመም ግን አያድንም። ዲ-ማኖስ የሚባለው ዱቄት በ2024 በብሪታንያ በ598 ሴቶች ላይ ሲሞከር ጥቅሙ አልታየም። የተልባ ውኃ ደግሞ ውኃ ነው፤ የሚጠቅመውም በዚያ ልክ ነው።

ምርመራው ምንም ሳያሳይ ምልክቱ ቢቀጥልስ?

ወረቀቱ ነጭ የደም ሕዋስ እያሳየ ካልቸር ላይ ምንም ካልበቀለ የአባላዘር በሽታ፣ ጠጠር ወይም የኩላሊት ቲቢ ሊኖር ስለሚችል ሌላ አንቲባዮቲክ መሞከር መልስ አይሆንም። ሽንት ላይ ደም የሚመላለስባት ሴት ደግሞ በአዋሽ ሸለቆ ቆላማ ክፍል ወይም በሱዳን ድንበር በኩርሙክ አካባቢ የኖረች ከሆነች ይህንን ለሐኪሟ መንገር ይኖርባታል፤ የፊኛ ቢልሀርዝያ በእነዚህ አካባቢዎች ይገኛል። ለባክቴሪያ የሚመረጠው የጠዋት ሽንት ሲሆን የዚህ ትል እንቁላል ግን በብዛት የሚወጣው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ጠዋት ተመርምራ «ምንም የለም» የተባለች ሴት በቀትር ሌላ ናሙና እንድትሰጥ ልትጠየቅ ትችላለች።